የሞላው አዳራሽ

ባልየው ከማለዳ ጀምሮ ያፏጫል። ሚስት ይህን ፉጨት ታውቀዋለች፤ አንድ ነገር ደብቆ ሲደሰት የሚያወጣው ነው። በዚያ ላይ ትናንት ከሰፈሩ አናጢ አግዳሚ ወንበሮች ተውሶ አዳራሹን ሞልቶታል። እሑድ እሑድ የሚመጡት ሰዎች ግን ተጠጋግተው ቢቀመጡ አንድ አግዳሚ ይበቃቸዋል። ታዲያ ይህ ሁሉ ለማን ነው? ብትጠይቀው «ጌታ ያመጣቸዋል» አላት። ጌታ ማምጣቱን አልጠላችም፤ ቀድሞ ለባሏ ብቻ መንገሩ ግን አልዋጥላት አለ።

በሰው አገር ወንጌል ሊሰብኩ ከመጡ አራተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ሥራው እንደ ገለባ እሳት ቦግ ብሎ ድርግም የሚል ሆነባቸው። የላከቻቸው ቤተ ክርስቲያን ትዕግሥቷ አልቆ ከሽማግሌዎቿ አንዱን ልካለች፤ ፍሬ ካዩ ሥራው ይቀጥላል፣ ካላዩ ዕቃቸውን ሸክፈው ይመለሳሉ። ሚስት ግን ወደ ምን እንደሚመለሱ አይታያትም። ቤታቸውን ሸጠው ነው የወጡት። ልጃቸው አፏን የፈታችው በዚህ አገር ቋንቋ ነው። እሷም ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ክፍል ልብስ ስፌት የምታስተምራቸው ሴቶች አሏት፤ ገና እጅጌ መግጠም እንኳ አልሆነላቸውም።

ሽማግሌው የሚመጡበትን ቀን የመረጠው ደግሞ ባልየው ነው። መርጦ መርጦ፣ አገሩ በሞላ ሙታኑን የሚያስብበትን ቀን። በዚህ ቀን ሱቅ ይዘጋል፣ ባንዲራ ዝቅ ይላል፣ እኩለ ቀን ላይ ሳይረን ሲጮህ መኪናው ሁሉ ባለበት ይቆማል። እስከ አምና ድረስ ቀኑ ሲደርስ አዳራሹን ቆልፈው ዋና ከተማ ወደሚደረገው የወንጌላውያን ስብሰባ ይሄዱ ነበር። ዘንድሮ ስብሰባው ይቅርብን አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ሚስት ዓይኗን ከባሏ ላይ አልነቀለችም።

ሽማግሌው ረፋዱ ላይ ደረሱ፤ መንገድ ያደከማቸው፣ ፊታቸው ደግ የሆነ ሰው ናቸው። እሳቸው አረፍ ከማለታቸው ሰው መግባት ጀመረ። አቤት ሰው። አዛውንቱ፣ ጎልማሳው፣ ሕፃን የታቀፈችው እናት። ጥቁር ለብሰዋል፤ ድምፅ የላቸውም። እየገቡ የግራውን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው ይቀመጣሉ። ሚስት የመዝሙር መጽሐፍ ስትዘረጋላቸው አመስግነው ይመልሱላታል። ባሏ ምን ቃል ገብቶላቸው ይሆን? ዱቄት? ቪዛ? አንዴ ለሪፖርት የሚሆን ፎቶ ሲያነሳ፣ ባዶው ወንበር እንዳይታይበት ሰዎቹን አንድ ጥግ ላይ አጭቋቸው ነበር። ያኔ ስቃበታለች፤ አሁን ሳቋ አልመጣም።

በር ላይ አንዱን ሰውዬ ማን እንደጠራው ጠየቀችው። ማንም አልጠራኝም፣ በየዓመቱ እመጣለሁ አላት። በየዓመቱ ቢመጣማ ታውቀው ነበር። ዋሸኝ እንዳትል ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ግራ ቢገባት ወደ ጓዳ ገባች፤ አዳራሹን የምታጸዳው ሴትዮ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ እንድትነግራት ክንዷን ይዛ ለመነቻት።

«ባለቤትሽ አልነገረሽም እንዴ፣ እህቴ?» አለች ሴትዮዋ።

አዳራሹ ድሮ ትምህርት ቤት ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የሰፈሩ ሰው ከቦምብ ሸሽቶ ተጠልሎበት ሳለ የግራው ግድግዳ ተናደበት። የሴትዮዋም ወንድም እዚያው ቀረ። ኋላ ግድግዳው እንደገና ተሠራ፣ ቤቱም ለሌላ ሰው ተሸጠና ለእነሱ ተከራየ።

«እናንተ ቆልፋችሁ ስትሄዱ ውጭ ቆመን ነበር የምናለቅሰው» አለች። «በቀደም ለባለቤትሽ ብነግረው፣ ዘንድሮ በሩ ክፍት ነው፣ ሁላችሁም ኑ አለን። እግዚአብሔር ይስጠው።»

ሚስት አሜን ለማለት አፏ አልታዘዝ አላት። በር መክፈቱ ደግ ሥራ ነው፤ በዚህ ማንም አይወቅሰውም። በሩን ሲከፍት ግን ሽማግሌውንም ጠርቷል። ደግነቱ ለሐዘንተኞቹ ይሁን ለሽማግሌው መለየት አቃታት። ቢሆንም ልቧ ለባሏ አደላ፤ ስንት ክፉ ቀን አብረው ያሳለፉት ሰው ነው።

ተመልሳ ከሽማግሌው አጠገብ ስትቀመጥ ባልየው መድረክ ላይ ወጥቶ በሁለቱም ቋንቋ «እንኳን ወደ ቤታችሁ በሰላም መጣችሁ» አለ። ሐዘንተኞቹ ለደግነቱ አንገታቸውን ዝቅ አደረጉለት። ለሽማግሌው የተሰማቸው ሌላ ነው። ዓይናቸውን በመሐረብ ጠራርገው ስልካቸውን ለፎቶ አወጡ።

«ልጄ፣ እነዚህ ሁሉ የእኛ ናቸው?» አሏት በሹክሹክታ።

ባሏ ከመድረኩ ላይ አያት። ምን እንደተጠየቀች አልጠፋውም። አዎ ማለት አንድ ቃል ነው፤ በዚያች ቃል የልጅቷም ትምህርት፣ ስፌቱም፣ ኑሮውም ባለበት ይቀጥላል። ቃሏ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር።

«አይደሉም» አለች። «ለቀስተኞች ናቸው። ሰዎቻቸው የሞቱት እዚህ ቤት ውስጥ ነው።»

ሽማግሌው ስልኩን ቀስ ብለው ዝቅ አደረጉት። ወዲያው ሳይረኑ ጮኸ። አዳራሹ በሙሉ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ሚስትም አቀረቀረች። ግን ጥርጣሬ አንዴ ከገባ አያስቀምጥምና ቀና ብላ ባሏን አየችው። እሱ አላቀረቀረም። ዓይኑ ሽማግሌው እጅ ላይ ያለው ስልክ ላይ ነበር፤ ፎቶው ተነሥቶ እንደሆነ ለማወቅ አንገቱን አስግጓል። በግራው ያ ሁሉ ሬሳ የወጣበት ግድግዳ ቆሟል፣ እሱ ፎቶ ይጠብቃል። እስካሁን ሲሟገትለት የነበረው ልቧ ዝም አለ።

ሳይረኑ ሲያበቃ ሰው ተቀመጠ። በሌላው ጎኗ ያሉት አሮጊት ፊታቸውን ጠርገው ወደ እሷ ዞር አሉ። እንባዋን አይተው እጇን ያዟት።

«አንቺስ ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?»

«ባሌ» አለች።

«ቆየ?»

«አይ፣ ገና አሁን ነው።»

እግዚአብሔር ያጽናሽ አሏት። እሷም አሜን አለች። ባሏ መድረኩ ላይ ጉሮሮውን ጠርጎ ስብከቱን ጀመረ።