የተገለበጠው ቅጠል

ሽርርርር... ጠብ። ደግሞ ሽርርርር... ጠብ።

ልብስ ተኳሹ ድምፁን ከማድ ቤት በኩል ሰማው፤ ዓይኑን ግን አልገለጠም። ቢገልጥ የሚጠፋበት መሰለው። እናቱ ከሞተች ወዲህ ሰምቶት የማያውቀው ድምፅ ነው። የሙዝ ቅጠል ከመሃል አጥንቱ በቢላዋ ሲገፈፍ እንደዚያ ይላል። በልጅነቱ ያ ድምፅ ከተሰማ ትርጉሙ አንድ ነበር፤ የተቃጠለ ሰው መጥቷል ማለት ነው።

ዛሬ የተቃጠለው ሰው እሱ ራሱ ነው።

«ነቃህ፣ ጭራሮ?» አለችው ታላቅ እህቱ፣ ከመኝታ ክፍሉ በር ላይ የድስት ክዳን ይዛ ቆማ። ስሙን ያወጣችለት ገና ልጅ ሳለ በቅጥነቱ ነው፤ ዛሬ ቦርጭ ቢያወጣም ስሙ አልለቀቀውም።

«እታለም! አንቺ ነሽ?»

«ታዲያ መልአክ ጠብቀህ ነበር? መልአክ ቢላዋ አይዝም። ተነስ፣ እጅህን አምጣ።»

የመጣችበትን ምክንያት አልጠየቃትም። የእንፋሎት ካውያው ቱቦ ፈንድቶ ቀኝ እጁን ከአንጓው እስከ ጣቶቹ እንደገሸለጠው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጤና ጣቢያ ወስደው አጠቡለት፣ በጎዝ ሸፈኑለት። ችግሩ የመጣው ጎዙ በተቀየረ ቁጥር ነው፤ ከቁስሉ ጋር ይጣበቅና ሲነሳ ገና ብቅ ያለውን ቆዳ ይዞት ይነሳል። ያን ሁሉ ቦርጭ ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ነርሷም አልደበቀችውም፤ ቆዳው እንዲህ እየተላጠ ከቆየ ጣቶቹ ተኮማትረው ሊቀሩ ይችላሉ። ካውያ የማይጨብጥ ተኳሽ ደግሞ ምን ይባላል?

እህቱ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ነርሷ ነበር። ነርሷም «የማይጣበቅ ጎዝ ጨርሰናል» አለቻት። «የሙዝ ቅጠል ሌላ ቦታ ለቃጠሎ ሲጠቀሙበት አይቻለሁ። ካፈላሽው፣ እጅሽን በደንብ ከታጠብሽና እየመጣ ካሳየኝ እሺ። ትኩሳት ወይ መጥፎ ሽታ ከመጣ ግን ቅጠልሽን ጥለሽ ሩጪልኝ።»

ቅጠሉ ድስት ውስጥ ሲፈላ ቤቱን የጥንት ሽታ ሞላው፤ የእርጥብ ሣርና የዝናብ ሽታ የተቀላቀለበት። እህቱ በሹካ አውጥታ አቀዘቀዘችው። ሲነካ ሐር መስሏል።

«የትኛው ፊት ነው ወደ ቆዳ?» አለችው፣ እንደ አስተማሪ።

«የሚያብለጨልጨው።»

«ለምን?»

«ጀርባው ጅማት አለው፤ ገላ ላይ ይታተማል። እማዬ እኮ በኩርኩም ነው ያስተማረችኝ።»

ቅጠሉን አለበሰችው፤ በላዩ ጎዝ፣ በጎዙ ላይ ፋሻ። ቀዘቀዘው። ከተቃጠለ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻውን ጣል አደረገ።

«ከየት አመጣሽው ቅጠሉን?»

«ከመጥረቢያህ ካመለጠችው።»

አንገቱን ደፋ። የእናታቸው ሙዞች ከጓሮው አጥር ጥግ ተደርድረው ነበር። እናታቸው ስትሞት ቤቱ የእሱ ሆነ፤ ጓሮው የልብስ ማስጫ ሆነ። ከሙዝ ቅጠል የሚንጠባጠበው ወተት ደግሞ ነጭ ልብስ ላይ ካረፈ ቡናማ ሆኖ ይቀራል፤ ሳሙናም በረኪናም አይነቅለውም። አንድ ቀን የደንበኛ የሙሽራ አንሶላ ተበላሸበትና በንዴት መጥረቢያ አነሳ። እህቱ ማታውን ልትጠይቀው ስትመጣ ግንዶቹ ከበር ውጪ ተከምረዋል። ከበሩ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤትና ሰርግ ቤት ሲገናኙ በአገጭ ብቻ ነበር ሰላምታቸው።

«ከክምሩ ውስጥ ቡቃያ መዝዤ ነው የሄድኩት» አለች ፋሻውን እየቋጠረች። «አሁን ከጣሪያዬ በላይ ናት። እናቷን የቆረጠውን ሰው እጅ ታክማለች፤ ቂም አታውቅም መሰለኝ፣ እንደ እኔ አይደለችም።»

ሳቀች፤ እሱ ግን ለመሳቅ አልደፈረም።

ጠዋት ጠዋት ድስቷንና ቢላዋዋን ይዛ መምጣት፣ ስትጨርስም ይዛቸው መሄድ ጀመረች። ሻይ ቢላት «ሥራ አለብኝ» ትላለች። ወንበር ቢስብላት ቆማ ትሠራለች። እጇ ሥራ ላይ ሳለ ግን አፏ ይፈታል፤ የእናታቸው ማድ ቤት ከነጭሱ፣ ከነሰዉ ይመለሳል። ጉልበቱን የተቃጠለው አንጥረኛ፤ «ቅጠሉን ብበላውስ?» ብሎ የጠየቀው ፖስተኛ፤ የአንገት ቁስሏን ፈርታ ስሟን እስከ መርሳት የደረሰችው ሙሽራ።

«ዳቦ ጋጋሪውን ታስታውሰዋለህ?» አለችው አንድ ጠዋት።

«ሚስቱ የሞተችበትን?»

«እሱን። ክንዱ አልድን አለ። እማዬ ግራ ገባት። አንድ ቀን ስትፈታው ለስላሳው ቆዳ ላይ መስመር በመስመር ታትሟል። ለካ ሰውየው ቤቱ ሲገባ ፈትቶ ቅጠሉን ይገለብጠው ኖሯል!»

«እንዳይድን?»

«መምጣቱ እንዳይቀርበት ነዋ፣ ሞኝ! ቤቱ ማን አለው?»

«እማዬ ታዲያ ምን አለችው?»

«ምንም። ቅጠሉን አቃናች፣ አሰረች፣ ተነስታ ወጣች። እሱስ ይቀራል? ዕድሜ ልኩን ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦ ይዞ አልመጣም እንዴ፣ ያለ ቁስል! ያንን ትኩስ ዳቦ ማን ያመጣልህ ነበር መሰለህ?»

ያን ቀን አብረው ሳቁ። ከመተኮሻ ጠረጴዛው በላይ የተንጠለጠሉት ሸሚዞች እንኳ የሳቁ መሰለው።

ተኳሹ ከዚያ ወዲህ ድምፁን ፍለጋ ከመንጋቱ በፊት መንቃት ለመደ። ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል። ሽርርርር ሲል እናቱ ማድ ቤት ናት፤ እህቱ ረጅም ሹሩባዋን ወደ ኋላ ጥላ ውኃ ትቀዳለች፤ እሱም ከሲታ ልጅ ነው፤ ሙዞቹም ከአጥሩ ጥግ ቆመዋል። ዓይኑን ሲገልጥ ከዚያ ሁሉ የቀረችው እህቱ ብቻ ናት። እሷም ትበቃዋለች።

ቁስሉ ግን የራሱን መንገድ ሄደ። ጠርዙ ተሰበሰበ፣ ሮዝ የመሰለ ቆዳ አለበሰው፣ ጣቶቹ መታጠፍ ጀመሩ። ነርሷ አይታ «ጎሽ!» አለች። እህቱም ፋሻውን እያሰረች፣ «ነገ አንዴ አየዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ቅጠልም ፋሻም አያስፈልግህም። እኔም ወደ ጉዳዬ» አለች።

እንደዋዛ ነው ያለችው። እሱ ግን ቃሏን ሲያመላልሰው ዋለ። «ነይ» ማለት ነበረበት። «ሙዞቹን መቁረጤ ከነከነኝ» ማለት ነበረበት። አፉ እንቢ አለ። ከሰዓት በኋላ ልብስ የሚያጥቡለት ሠራተኞች ወጥተው ቤቱ ጭር ሲል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ፋሻውን በጥርሱና በግራ እጁ ፈታ፣ ቅጠሉን ገለበጠ፣ መልሶ አሰረ። ሲጨርስ እንደ ሌባ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ።

በማግስቱ እህቱ ፈታችው።

አዲሱ ቆዳ ላይ፣ ከአንጓው እስከ ጣቶቹ ሥር፣ ቀጫጭን መስመሮች ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። በካውያ የታጠፈ ልብስ ይመስላል።

እጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። እሱ ቀድሞ ተናገረ።

«ራሱ... ዞሮ ይሆናል። ተኝቼ ሳለ።»

«ቅጠሉ?»

«እ።»

«ፋሻውን ፈታ፤ ዞረ፤ መልሶ ቋጠረ። ቋጠሮውም የግራ እጅ ቋጠሮ ነው። ወይ ቅጠል! ትምህርት ቤት ቢገባ ከአንተ ይሻል ነበር።»

አልሳቀችም። እሱም አልሳቀ። አውራ ጣቷን በመስመሮቹ ላይ በቀስታ አስኬደች፣ ከዳር እስከ ዳር።

ከዚያ ወደ ማድ ቤት ገባች። ሽርርርር... ጠብ። ለዳነ እጅ አዲስ ቅጠል ገፈፈች፣ አፈላች፣ አቀዘቀዘች። የሚያብለጨልጨውን ፊት ወደ ቆዳው አድርጋ አለበሰችው፤ አሰረችውም።

«እታለም» አላት። «ነገስ?»

እጇን ታጠበች። የጓሮውን በር ከፍታ ነጫጭ አንሶላዎቹን፣ ከአንሶላዎቹ ወዲያ ባዶውን የአጥር ጥግ ለረጅም ጊዜ አየችው። ተመልሳ ሻርፗን አነሳች። ድስቷን ምድጃው ላይ፣ ቢላዋዋንም ክዳኑ ላይ እንዳስቀመጠቻቸው ትታ ወጣች።