ግንብ ትይዩ የነበረው ሱቅ

የድሮው የገበያ መንገዳችን ከፈረሰ ስድስት ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ማዘጋጃ ቤቱ ትዝ አለውና የሱቆቹን ፊት በተርታ አስሎ በአዲሱ ሕንፃ መግቢያ ሊሰቅል ነው ተባለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። ፎቶ ያስቀረ ሰው ስላልተገኘ፣ የቀድሞ ባለሱቆችና ቤተሰቦቻቸው አዳራሽ ተሰብስበን እንድናስታውስ ተጠራን። እኔም እናቴን ይዤ ሄድኩ። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከሞተ ዓመት ያልሞላው አባቴ ጫማ ሲሰፋ የኖረባት ሱቅ ከሥዕሉ እንዳትቀር።

ከማዘጋጃ ቤት የተላከችው ሠዓሊ ረጅም ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። "የበሩን ቀለምና ታፔላውን የሚነግረኝ ካለ እስላለሁ። ከሌለ ባዶውን አልፈዋለሁ" አለች።

ጉዱ የታየው ያኔ ነው። ጨርቅ ነጋዴው ሠላሳ ዓመት የቆመበትን የገዛ በሩን ቀለም አያውቅም። ፊት ለፊቱ የነበረውን የሰዓት ሠሪውን ሱቅ ግን እስከ ተሰነጠቀው መስታወት ድረስ ዘረዘረው። ለካ ሁሉም ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲያይ የኖረው ማዶውን ነው።

"የእኔ በር እንኳን አረንጓዴ ይመስለኛል" አለ ነጋዴው።

"ቡናማ ነው" አለው ሰዓት ሠሪው። "እኔን ጠይቀኝ፤ ስጠላው ነው የኖርኩት።"

ሰው ሳቀ። እኔም ለወጉ ጥርሴን ገለጥኩ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሳቁም ለቅሶውም ከጥርስ አልፎ አይገባልኝም።

የእኛ ሱቅ ጋ ሲደረስ ፊቷን ያየ ሰው ጠፋ። መጨረሻው ጥግ ላይ ስለነበረች፣ ማዶዋ የትምህርት ቤቱ ግንብ እንጂ ሱቅ የለም።

"እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እማማ" አለች ሠዓሊዋ።

"ውስጡን ጠይቂኝ፣ ልጄ። እኔ በጓሮ ገብቼ፣ ጫማ ቀለም ስቀባ ውዬ፣ በጓሮ ነው የምወጣው። ፊቱን ልብ ብዬው አላውቅም።"

ሠዓሊዋ ቦታውን ባዶ ልታልፈው እርሳሷን ከወረቀቱ አነሳች። እናቴ ባዶውን ቦታ በጣቷ ዳሰሰችው።

ሆድ ይፍጀው ብዬ የኖርኩት ነገር ነበረኝ። አወጣሁት።

"በሩ ሰማያዊ ነው" አልኩ። "ከታች ተላልጧል። ታፔላው 'ጫማ እናድሳለን' ይላል፤ የመጨረሻዋ ፊደል ቦታ ጠቧት ወደ ታች ወርዳለች። በመስኮቱ የአባቴ መላጣ ይታያል።"

"አንተ ከየት ሆነህ አየኸው?" አለ ሰዓት ሠሪው። "ይሄ ከማዶ ካልሆነ አይታይም።"

"በግንቡ ሥር ነበር የማልፈው። ትምህርት ቤት ስሄድም ስመለስም። አባቴ ጫማ ሰፊ መሆኑን የክፍሌ ልጆች እንዳያውቁ።"

ድምፄ የአውቶቡስ ሰዓት የምናገር ያህል ደረቅ ነበር። አፍሬያለሁ፤ እፍረቱ ግን የሌላ ሰው ይመስል ሩቅ ነው። ሠዓሊዋ አንገቷን ደፍታ በሩን መሳል ጀመረች።

እናቴ ከወረቀቱ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

"ያይህ ነበር እኮ" አለች። "'ልጁ አለፈ?' ስለው፣ 'በማዶ አለፈ፤ ጥላ ይወዳል' ይለኝ ነበር።"

ግንቡ ሥር ጥላ ኖሮ አያውቅም።