ሦስት ጊዜ የገባ ዳሌ

“ገባ! ሰማሽው?” አሉ ያደታ፣ የኬኔን ቀኝ እግር በሁለት እጃቸው እንደጨበጡ። ቅቤ የተቀባው ዳሌዋ ቀጭ ብሎ ነበር። “ሜ፣ እስቲ ተነሺና ተራመጂ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።”

ኬኔ ተነስታ ተራመደች። ያ የለመደችው ሕመም ብሽሽቷን ቆነጠጣት። በዚህ ሳምንት ዳሌዋ “ሲገባ” ሦስተኛ ጊዜው ነው። ሦስቴ ከገባ ሦስቴ የሚያስወጣው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ጉቴ ከተማ ውስጥ ጠፋ!

“እንዴት ነው?” አሏት።

“ቀለለኝ፣ ኤሱማ።”

ምን ትበል? ያደታ ኤሱማዋ፣ የእናቷ ወንድም ናቸው፤ አገር የሚያውቃቸው ወጌሻ። ከዘመድ ሳንቲም አይቀበሉም። ላባቸውን ጠብ ያደረጉላትን አጎት “ምንም አልረዱኝም” ማለት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ጠዋት ቀጥ ብላ ትራመዳለች፣ ከመሰናክል ሩጫ ልምምድ ስትመለስ ታነክሳለች። አሁን ግን መረራት።

ለማንም ሳትነግር ሚኒባስ ይዛ ነቀምቴ ገባች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ፀደይ በጀርባዋ አስተኛቻት። ጉልበቷን ወደ ደረቷ አጥፋ ወደ ውስጥ ስታዞረው ኬኔ ጮኸች።

“እዚህ ጋ ነው?”

“እዚያው ነው! ጠዋት ገብቷል ተብሎ ነበር እኮ።”

“መቼ ወጣና ይገባል? የጭንሽ አጥንት ቦታው ላይ ነው። ጉልበትሽን ከፍ ስታደርጊ ከዳሌሽ ጠርዝ ጋር እየተጋጨ መሀል ያለውን ሥጋ ይቆነጥጠዋል። በተጎተተ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል።”

“ቀጭ የሚለውስ?”

“ጣትሽን ብትስቢውም ቀጭ ይላል።”

ፀደይ መገጣጠሚያውን በእጇ ቀስ እያለች አላላችው፤ የመቀመጫ ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴም አሳየቻት። “ስምንት ሳምንት መሰናክል የለም። እሁድ አለብኝ ባልሽው ውድድር ከዘለልሽ ለከርሞም ላትሮጪ ትችያለሽ።”

እሁድ ሁለት ዓመት የጠበቀችው የክልሉ ሯጮች መምረጫ ውድድር ነው። እንባዋ መጣ፣ ንዴቷ ግን በለጠ። አሰልጣኟ ጉደታ ለእሁዱ ስሟን ያስገባው ያደታ “ድናለች” ስላሉት ነው። ያደታ ያንን ያሉት እሷ “ቀለለኝ” ስላለቻቸው። ታዲያ በማን ትናደድ? ጉቴ እስክትደርስ በራሷ ስትበግን ቆየች።

ያደታ ቅቤያቸውን ይዘው በር ላይ ጠበቋት። “የት ጠፋሽ? ለእሁድ አንዴ ልሳበው።”

“ይቅር፣ ኤሱማ። አልዳነም። አንድም ቀን ቀሎኝ አያውቅም።”

“ታዲያ ቀለለኝ ስትዪኝ የከረምሽው?”

“እርስዎን አፍሬ ነው።”

“እኔን?” ፊታቸው ተለዋወጠ። “እግሩ የማን ሆነና ነው እኔን የምታፍሪው? እኔስ አሁን በሰፈሩ ምን ልባል ነው?”

ኬኔ ስልኳን አወጣች። አጠገባቸው ቆማ ለጉደታ ደወለች፤ እንዲሰሙም ስፒከሩን ከፈተችው።

“አሰልጣኝ፣ ከእሁዱ ዝርዝር ስሜን ያውጡልኝ። ዳሌዬ አልዳነም።”

“እንዴት? ያደታ ድናለች አሉኝ እኮ!”

ኬኔ ወደ አጎቷ አየች።

“እሳቸውን የዋሸኋቸው እኔ ነኝ” አለች።