የእትዬ ዜና ደብተር

እትዬ ዜና የሚለውን ስም ያወጡላቸው እናት አባታቸው አይደሉም፤ ደንበኞቻቸው ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ልብስ ሲሰፉ፣ የሰው ወገብ በለኩ ቁጥር የሰውየውን ኑሮ አብረው ይለኩ ነበር። ማን እንደከሳ፣ ማን እንደወፈረ፣ የትኛው ቀሚስ ለሠርግ እንደታዘዘና የትኛው ሠርግ እንደቀረ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድመው ያውቃሉ። ስፒል በከንፈራቸው ይዘው እንኳ ወሬ አይቋረጥባቸውም። እሳቸውም በስሙ አልተቀየሙም። እንዲያውም የሱቃቸው በር ላይ አስጽፈውት ነበር።

በመጨረሻ ጉልበታቸው የስፌት መኪናውን ፔዳል አልረግጥም ሲላቸው ሱቁን ዘጉ። ዓይናቸው ግን ጡረታ አልወጣም። ከመስኮታቸው ሆነው የጎረቤት ልብስ ማስጫ ላይ የጎደለ ቁልፍ ይቆጥራሉ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የእህታቸው ልጅ መጣች። ተመራማሪ ናት፤ ስንዴን ከዋግ ለማዳን ነው የምትደክመው። ዋግ ማለት ቅጠሉ ላይ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ነጠብጣብ እያወጣ ስንዴውን ከነነፍሱ የሚበላ ፈንገስ ነው።

"እትዬ፣ ዓይንዎን ፈልጌ ነው የመጣሁት" አለች፣ ገና ወንበር ሳትይዝ።

"ዓይኔን ብቻ? የቀረውን አካሌን የት ላስቀምጠው?"

"አፍዎን እቤት ቢተዉልኝ ደስ ይለኛል።"

ነገሩን አስረዳቻቸው። በቅጠል ላይ የዋግ ነጥብ የሚቆጥረው ባልደረባዋ ከብስክሌት ወድቆ ክንዱን ሰብሯል። ሙከራው ደግሞ አይጠብቅም፤ መድኃኒቱ ከተረጨ አምስት ቀን ሆኖታል።

"ፈንገሱን የሚገድል ነው?" አሉ እትዬ ዜና።

"አይገድለውም። ፈንገሱ ከቅጠል ውስጥ ምግቡን ለመምጠጥ የግድ የሚያስፈልገው አንድ ጂን አለ። እኛ የዚያን ጂን ቅጂ የመሰለ ትንሽ አር ኤን ኤ፣ ማለትም ለሕዋስ መልእክት የሚያደርስ ቅንጣት፣ ሠርተን ቅጠሉ ላይ እንረጫለን። ፈንገሱ ሳያውቅ ይወስደዋል። ከወሰደው በኋላ የራሱ ጂን ዝም ይላል።"

"ስንዴውስ? እሱም ዝም አይልም?"

"ስንዴው አይነካም። መልእክቱ የተጻፈው በፈንገሱ ቋንቋ ነው።"

እትዬ ዜና ነገሩ ጣማቸው። ማዕድ ቀርቦለት መጉረስ ያቃተው እንግዳ ታያቸውና ለብቻቸው ሳቁ።

"አርባ ስምንት መደብ አለን" ስትል ቀጠለች ተመራማሪዋ። "ግማሹ መድኃኒት፣ ግማሹ ንጹህ ውሃ ነው የተረጨው። የትኛው የትኛው እንደሆነ እርስዎ ማወቅ የለብዎትም። እኔም አላውቅም። ጠርሙሶቹን ቁጥር ሰጥቶ ያዘጋጀው አለቃችን ነው፤ ዝርዝሩም በፖስታ ታሽጎ እሱ ዘንድ ነው።"

"ባውቅስ ለማን እነግራለሁ?"

"መንገርዎ አይደለም ችግሩ፤ ማወቅዎ ነው። ይሄኛው መድኃኒት አግኝቷል ካሉ፣ ዓይንዎ ሳይታወቅዎት ያደላል። አምስቱን ነጥብ አራት ብሎ ይቆጥራል። ስለዚህ መጠየቅ የለም፤ መገመትም የለም።"

"መገመትም?"

"መገመትም።"

እትዬ ዜና በስድሳ ሦስት ዓመት ዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ሥራ ሰምተው አያውቁም። ሰው ስለማያውቅ ነው የሚባረረው፤ እዚህ ግን የሚያባርረው ማወቅ ነው። ቢሆንም የእህታቸው ልጅ ዓይኖች ሥር ያለውን ጥቁረት አዩና፣ "እሺ፣ ሰኞ እመጣለሁ" አሉ።

መደቦቹ ከምርምር ጣቢያው ሕንፃ ጀርባ፣ በሽቦ አጥር ውስጥ ነበሩ። ዙሪያቸውን በዋግ የተበላ የስንዴ ረድፍ አለ፤ በሽታውን ለመሃለኞቹ እንዲያቀብል ሆን ተብሎ የተተከለ። ለእትዬ ዜና በሁለት ቁጥር የሚበልጣቸው የላስቲክ ቦት ጫማ፣ የታተመ ቅጽና በክር የታሰረ ማጉያ መነጽር ተሰጣቸው። መነጽሩን አንገታቸው ላይ ሲያጠልቁት፣ ድሮ ሜትር የሚንጠለጠልበት ቦታ ላይ አረፈና ልባቸው ትንሽ ሞቅ አለ። ሥራው ቀላል ነው። ከየመደቡ አምስት ተክል ይመረጣል፤ ከእያንዳንዱ ከላይ ያለውና በሙሉ የተዘረጋው ቅጠል ይታያል፤ ነጥቡ ተቆጥሮ ቅጹ ላይ ይጻፋል። በሳምንት ሁለት ጊዜ።

መቁጠሩ አልከበዳቸውም። አለመገመቱ ነው ያቃጠላቸው። ይባስ ብሎ የጣቢያው ዘበኛ የትኛው መደብ መድኃኒት እንዳገኘ ከሾፌሩ ጋር ክርክር ገጥሟል፤ አጥሩን ተደግፎ ይጠብቃቸዋል።

"እትዬ፣ እኔ እኮ መድኃኒቱ ያለው በግራ በኩል ነው የምለው።"

"አትበለኝ።"

"አይ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል።"

"ለጨዋታ ከሆነ ስለ ሚስትህ አጫውተኝ።"

ዘበኛው ስለ ሚስቱ ማጫወት ስላልፈለገ ሄደ። እትዬ ዜና ግን ቃሉ ጆሯቸው ውስጥ ቀረ፤ ግራ ግራውን ማየት ጀመሩ። ውሃ ቧንቧው አጠገብ ያለው አሥራ ሰባተኛው መደብማ ወዛም ነው፤ ባዩት ቁጥር ደስ ይላቸዋል። ይሄ በርግጥ መድኃኒት ቀምሷል የሚል ሐሳብ ሽው ሲልባቸው፣ እንደ ሌባ ደንግጠው ዞር ይላሉ።

በዚያው ሳምንት እቤታቸው ካለው የገበር ጨርቅ ቁርጥራጭ አርባ ስምንት ትንንሽ ቆብ ሰፉ። የትኛውን መደብ እንደሚቆጥሩ እንዳያውቁ፣ በየመደቡ ራስ ያለውን ባለቁጥር ችካል ሁሉ ቆብ አለበሱት። ከዚያ ወዲያ ዘበኛው እንደ ዕጣ በጠቆማቸው መደብ ጀምረው ያለ ቅደም ተከተል እየዞሩ መጀመሪያ ይቆጥራሉ፤ ከጨረሱ በኋላ ቆቡን ገልጠው ቁጥሩን ይጽፋሉ። ማሳው ኮፍያ ለብሰው ለሽርሽር የወጡ የሕፃናት ትምህርት ቤት ተማሪዎች መሰለ። ሠራተኛው ሁሉ በምሳ ሰዓት እየመጣ ሳቀ። አለቃው ግን አልሳቀም። ረጅም፣ ጠንቃቃና ንግግሩን በሚዛን የሚያወጣ ሰው ነው። አንዱን ቆብ ገልጦ አይቶ፣ "ስፌቱ ጥሩ ነው" ብሎ ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት ግን ፈተና መጣ። የሞሉትን ቅጽ ለማስረከብ አለቃው ቢሮ ሲገቡ ማንም የለም። ጠረጴዛው ላይ በሁለት ዓምድ ቁጥር የተደረደረበት ወረቀት ተዘርግቷል፤ ከላዩ "ዝርዝር" ይላል። እትዬ ዜና ያንን አንድ ቃል አነበቡ። ወዲያው ዓይናቸውን ጥርቅም አድርገው ዘጉና፣ እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው ወደ በሩ ዞሩ። እጃቸው በሩን በግራና በቀኝ ሳተው። ግንባራቸው ግን አልሳተውም።

ድምፁን የሰማችው ጸሐፊ ሮጣ መጣች። "ምነው እትዬ፣ በሩ አልታየዎትም?"

"መታየት የሌለበትን ላለማየት ስል መታየት ያለበትን ሳላይ ቀረሁ" አሉ፣ ግንባራቸውን ይዘው። "ለአለቃሽ ንገሪው፤ ምስጢሩን ሜዳ ላይ አስጥቶታል።"

ጸሐፊዋ ወረቀቱን አየችው። የጽሕፈት ዕቃ ማዘዣ ነበር፤ እስክሪብቶ፣ ማሸጊያ ፕላስተር፣ የማተሚያ ቀለም። ወሬው እስከ ምሳ ሰዓት ጣቢያውን አዳረሰ። እትዬ ዜናም ሌላ ሰው ላይ ቢደርስ ኖሮ ለአንድ ወር የሚበቃ ጨዋታ እንደሚወጣው እያሰቡ፣ ለሁለት ሳምንት ያበጠ ግንባር ይዘው ቆጠሩ።

ስድስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ፖስታው የሚከፈትበት ቀን ደረሰ። በስብሰባ ክፍሉ ሦስቱ ብቻ ተቀመጡ። አለቃው ፖስታውን በመቀስ ቆረጠ። ተመራማሪዋ ቁጥሮቹን ኮምፒውተሯ ውስጥ አስገባች። እትዬ ዜና በመጀመሪያ የጠየቁት አሥራ ሰባተኛውን ነበር።

"ውሃ" አለ አለቃው።

"ውሃ ብቻ?"

"ውሃ ብቻ።"

እትዬ ዜና ይህን ገና ሳይውጡት፣ የእህታቸው ልጅ እጇ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳለ ቀረ። መድኃኒት የተረጨው ስንዴ በአማካይ በአንድ ቅጠል ሃያ ዘጠኝ ነጥብ አለበት፤ ውሃ የተረጨው ሠላሳ አንድ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ሁለት ዓመት የተለፋበት ሥራ በሁለት ነጥብ ብቻ ተለያይቶ ተቀመጠ።

አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። "ምናልባት... ቆጠራው ላይ..." አለና ቀሪውን ሚዛን ላይ አስቀመጠው።

"ብዙ ተብያለሁ" አሉ እትዬ ዜና ረጋ ብለው። "ወሬኛም ተብያለሁ፤ እውነት ነው። መቁጠር አትችይም የተባልኩት ግን ዛሬ ነው።" ከዚያም ቦርሳቸውን ከፍተው ጠርዙ የተልፈሰፈሰ ወፍራም ደብተር አወጡ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለች ተመራማሪዋ።

"ቅጹ ያልጠየቀኝ ነው። የላይኛውን ቅጠል ብቻ ቁጠሪ ይለኛል። ከሥሩ ያሉት ቅጠል አይደሉም? ዓይኔ አየ፤ ሆዴ ደግሞ አይችልም። ለሰው እንዳልናገር ከለከላችሁኝ፤ ለደብተር ግን ማን ከለከለኝ?"

ተመራማሪዋ ገለጠችው። መጀመሪያ ሳቋ መጣ። እትዬ ዜና ቅጠሎቹን በቁጥር ሳይሆን በዝምድና ነበር የጻፏቸው። የታችኛዋ አያት ናት፤ ከሷ በላይ እናት፤ ከዚያ ታላቅ እህት፤ ከሁሉ በላይ ያለችው፣ ለዘለላው ቅርብ የሆነችው ደግሞ ሙሽራ። "መደብ ዘጠኝ" ስትል ጮክ ብላ አነበበች። "አያት ንጹህ። እናት ንጹህ። ታላቅ እህት ሦስት ነጥብ፣ እሱም ጫፏ ላይ። ሙሽራዋ ግን ፊቷ ሁሉ ጠቃጠቆ። ምን ጉድ ነው።" ገጹን ገለጠች። "መደብ አሥራ ሰባት፤ ከአያት እስከ ሙሽራ አንድ የተረፈ የለም፤ ወዙ ለከንቱ ነው።"

ሦስተኛውን ገጽ ስታነብ ሳቋ ጠፋ። አራተኛውን ስታነብ ከወንበሯ ተነሳች።

"መቼ ነው የረጨነው?" ብላ አለቃዋን ጠየቀችው።

አለቃው ማስታወሻውን አየ። ቀኑን ነገራት።

"በዚያ ቀን ስንዴው ስንት ቅጠል ነበረው?"

"ሦስት" አለና አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

እትዬ ዜና አንዴ አንዷን አንዴ ሌላውን አዩ። "ለእኔም ንገሩኝ እንጂ፤ አሁን እንኳ ማወቅ ይፈቀድልኝ።"

"እትዬ" አለች የእህታቸው ልጅ፣ "ሙሽራዋ ያኔ አልተወለደችም። መድኃኒቱ የነካቸው አያት፣ እናትና ታላቅ እህት ናቸው። እነሱ ድነዋል። ሙሽራዋ ከሳምንታት በኋላ ነው የወጣችው፤ ምንም አልደረሳትም። እኛ ደግሞ በሽታው ጎልቶ ሲወጣ የቆጠርነው እሷን ብቻ ነው።"

"ታዲያ መድኃኒቱ ሠርቷል?"

"በነካው ቅጠል ላይ ሠርቷል።"

ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጠው ደብተሩን ወደ ኮምፒውተር ገለበጡት፤ እትዬ ዜና ያነባሉ፣ ተመራማሪዋ ትጽፋለች። የተረጩት ቅጠሎች በአማካይ አራት ነጥብ ሲገኝባቸው፣ ውሃ የተረጩት እኩዮቻቸው ሠላሳ ሦስት ነበራቸው። በሦስተኛው ቀን አለቃው እትዬ ዜናን ኮሪደር ላይ አገኛቸውና ቆመ። "ጥፋቱ የቆጠራው አይደለም" አለ። "የቅጹ ነው። ቅጹን ያዘጋጀሁት ደግሞ እኔ ነኝ።" ይህን ለማለት ከወትሮው የረዘመ ጊዜ ወሰደበት። እትዬ ዜናም ለአንድ ጊዜ ያህል ምንም አልጨመሩበትም።

በሚቀጥለው የዘር ወቅት ሙከራው ተደገመ። መድኃኒቱ አንዴ ስንዴው ሦስት ቅጠል ሲኖረው፣ አንዴ ደግሞ የመጨረሻው ቅጠል በደንብ ሲዘረጋ ተረጨ። ቅጹ አሁን ሁሉንም ቅጠል ይጠይቃል። ክንዱ የዳነው ቆጣሪም ተመልሶ ነበር፤ እትዬ ዜና ግን ቦታቸውን አልለቀቁም። መደቦቹን ለሁለት ተካፈሉ። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ "ይሄኛው እኮ የተረጨ ይመስላል" ብሎ ሲጀምር፣ ማጉያ መነጽራቸውን አንስተው ፊቱን በቅርብ ስለመረመሩት ደግሞ አላለውም።

ሁሉም ነገር ግን አልጋ በአልጋ አልሆነም። በሁለተኛው ርጭት ዕለት፣ መርጫው ታጥቦ ሳያልቅ ዶፍ ወረደ። የዕለቱ ርጭት የተጀመረው ከታችኛው ረድፍ ነበርና እነዚያ ቅጠሎች ቀድመው ደርቀዋል፤ የላይኛው ረድፍ ስድስት መደቦች ግን ገና እንደረጠቡ ታጠቡ። ፖስታው ሲከፈት ይሄም ታየ። መድኃኒቱ በደረቀባቸው መደቦች የላይኛዋ ቅጠል ስድስት ሰባት ነጥብ ብቻ ነበራት፤ ውሃ በተረጩት ከሠላሳ በላይ። ከታጠቡት ስድስቱ መካከል መድኃኒት የተረጩት ግን ከውሃዎቹ እምብዛም አልተሻሉም።

ተመራማሪዋ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስልታ ወደ ውጭ ወጣች። እትዬ ዜና ተከተሏት። ዘበኛው ቤት አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ነበር፤ እየሳቀችም።

"ጥሩ ነው መጥፎ?" አሉ።

"ጥሩ ነው። ዝናቡ ግን ገና ነው። ቅጠል ላይ የሚያጣብቀው ነገር መፈለግ አለብን። መድኃኒቱ ራሱ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም። ለአርባ ስምንት መደብ የሚሆን መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ለአንድ ሙሉ እርሻ ሌላ ነው። ብዙ ይቀራል፣ እትዬ።"

"ዛሬ በተገኘው ዛሬ ደስ ይበልሽ እንጂ። የቀረው የትም አይሄድም።" አሉና አጠገቧ ተቀምጠው በመሐረባቸው ጠርዝ ፊቷን ጠረጉላት።

ማምሻውን በመኪናዋ ወደ ቤት ወሰደቻቸው። አሁን ዝርዝሩ ክፍት ነው፤ የሚያስከለክል ነገር የለም። እትዬ ዜና ጀመሩ። በሁለት የዘር ወቅት የጠረጠሩትን ሁሉ፣ ዘበኛው ያለውን፣ ሾፌሩ የመለሰውን፣ የትኛው መደብ አሳዝኗቸው የትኛው እንዳናደዳቸው፣ ጸሐፊዋ ያንን የዕቃ ማዘዣ ስታሳያቸው የቀየረችውን ፊት ሳይቀር አወረዱት። መኪናዋ በራቸው ላይ ስትቆም ገና ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። የእህታቸው ልጅ ሞተሩን አጠፋች፤ ወንበሯን ትንሽ ወደኋላ አስተኛችና፣ "እሺ፣ ከዚያስ?" አለች።