ከስሞቹ መካከል

መምህር መሳፍንት የሟቹን ፎቶግራፍ በብሉቱዝ ወደ ብሩክታዊት ስልክ ሊልክ «ፈልግ» የሚለውን ተጫነ። ድንኳኑ ሞልቶ ነበርና የለቀስተኛው ስልኮች ስም ተግተልትሎ ወጣ።

«ይኸ ሁሉ ሰው ለለቅሶ ነው ወይስ ለብሉቱዝ የመጣው?» አሉ ጎረቤታቸው አቶ አራጌ በሹክሹክታ።

መሳፍንት አልሳቀም። ጣቱ አንድ ስም ላይ ቀርቷል፤ «ትግሉ ቆቦ» ይላል።

ብሩክታዊት አየችና ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። «ወንድሜ ነው» አለች።

አባቷ መሪጌታ ይግዛው ሰሟት። ጧት በሣልስቱ ፍትሐት ልጃቸውን በክርስትና ስሙ፣ ወልደ ሰንበት ብለው ለፈጣሪው አስረክበውት ነበር። አሁን ደግሞ በዓለም ስሙ ከአልቃሾቹ ጋር ተቆጥሮ ተገኘ።

ይህንኑ ስም ከአሥር ቀን በፊት በቆቦ ገበያ አይተውታል። ከዜማ ትምህርት ኮብልሎ ስልክ ጠጋኝ የሆነው ትግሉ፣ አባቱ በልጅነቱ ያስጠኑትን ምስጋና ራሱ አዚሞ ቀድቶ ከሱቁ ደጃፍ ሊልክላቸው ሞከረ። ገበያው በስልክ ታምሶ ነበርና የማያውቁት ሰው ሁሉ «ይቀበላሉ?» እያለ ይመጣባቸው ጀመር። መሪጌታ ዘፈን እንዳይገባባቸው ፈርተው ለሁሉም «አይ» አሉ።

«አባዬ፣ የእኔንም መለስኸው እኮ።»

«ምን አውቄ፤ መንደሩ ሁሉ እያንኳኳ።»

«ተወው፤ ሰው ጭር ሲል ቤት መጥቼ እልክልሃለሁ» ብሎ ሳቀ። በሳምንቱ የተሳፈረባት ባጃጅ በዋጃ መንገድ ተገለበጠች።

መሪጌታ ስልካቸውን ለብሩክታዊት ሰጧት። «እስኪ በእኔም ፈልጊው።»

ለቀስተኛው እግዜር ያጥናችሁ እያለ ሲወጣ ስሞቹም ተራ በተራ ጠፉ። አራጌ ሄዱ፤ መሳፍንት ሄደ። በመጨረሻ የሁለቱ ልጆቻቸው ስም ብቻ ቀረ። ከጥቂት እርምጃ የራቀውን ስልክ እንደማያሳይ መምህሩ ነግሯቸው ነበርና መሪጌታ አማተቡ።

«ጌጤ» አሉ ባለቤታቸውን፣ «የልጁ ስልክ ወዴት ነው?»

ወይዘሮ ጌጥነሽ መቀነታቸውን ፈትተው ትንሿን ባለቁልፍ ስልክ አወጡ። «ከኪሱ ነው ያወጣኋት። እንዳትጠፋ ቻርጅ እያደረግሁ በሆዴ ይዣታለሁ።»

ብሩክታዊት ዜማውን ፈልጋ ላከችው። ከአባቷ ስልክ ላይ ጥያቄው በራ፤ «ከትግሉ ቆቦ። ይቀበላሉ?»

መሪጌታ ለወንጌል እንደሚቆሙ ተነሥተው ቆሙ። አውራ ጣታቸውን በጋቢያቸው ደጋግመው ጠረጉና «አዎ» ላይ አኖሩት፤ መላኩ ካለቀም በኋላ አላነሡትም።