የባዘዘው ግራ እግር

ባዘዘው የሚነዳውን መኪና ፍሪሲዮን ለሁለተኛ ጊዜ ያቃጠለው ከደብረ ማርቆስ ወደ አምበር ሲሄድ ነው። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን ንቅንቅ አይልም። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከእግሩ ሥር ተነሥቶ አፍንጫውን ሲሞላው ምን እንደሆነ ለማወቅ መውረድ አላስፈለገውም። ከአርባ ቀን በፊትም የሸተተው ይኸው ነበር። የጫነውን የጣልያን ጦር ዱቄት ወታደሮች በበቅሎ አስጭነው ወሰዱት፤ መኪናውን ሌላ መኪና እየጎተተ ደብረ ማርቆስ ወዳለው የጦሩ ጋራዥ መለሰው።

በማግስቱ የጋራዡ ኃላፊ አስጠራው። ሠራተኛው ሁሉ ካቦ የሚለው ይህ ጣልያን ጠጉሩ የሸበተ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው። ባዘዘው የሚፈራውም ይህንኑ ዝግታውን ነው። መካኒኩ ሐምዱ መሀል ቆሞ ያስተረጉማል። ሐምዱ የደምበጫ ነጋዴ ልጅ ሲሆን አሥመራ ጋራዥ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቶ፣ ሙያውንም ቋንቋውንም ይዞ የተመለሰ ነው።

«ፍሪሲዮን በደህና ሾፌር እግር ሁለት ዓመት ይቆያል ይልሃል» አለ ሐምዱ። «በዚህ አገር ዳገት ደግሞ አንድ ዓመት። ያንተ በአርባ ቀን አለቀ፣ ያውም ሁለት ጊዜ።»

«ዳገቱን ንገረው እንጂ!»

«ነገርኩት። ሌሎቹም የሚወጡት ያንኑ ዳገት ነው አለኝ።»

ካቦው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን የጠቆረ የፍሪሲዮን ዲስክ በጣቱ ገፋ አድርጎ ጥቂት ቃላት ተናገረ። ሐምዱ ወደ ባዘዘው ዞረና፦

«የሚቀጥለው ከገና በፊት ከተቃጠለ ሆን ብለህ ነው ማለት ነው። ለካራቢኔሪ አሳልፌ እሰጥሃለሁ ይላል» አለ።

መስቀል ካለፈ ገና ሳምንቱ ነበር። ካራቢኔሪ በሚባለው የጣልያን ፖሊስ ዘንድ የገባ ሰው እንዴት እንደሚወጣ፣ ከወጣም ማለት ነው፣ ደብረ ማርቆስ ላይ የማያውቅ አልነበረም።

ይህ አልበቃ ብሎ፣ ሚስቱ ደብሪቱ በምትኖርበት በአምበር ሌላ ወሬ ተነሥቷል። ባዘዘው ቅዳሜ ወደ ቤቱ ሲሄድ ጎረቤታቸው አያ ሙላት ከማሳቸው ዳር ጠርተው እጁን ጭብጥ አደረጉት።

«ሰማን እኮ! መኪናቸውን አንድ በአንድ እያነደድክላቸው ነው አሉ። እደግ!»

«ኧረ አያ ሙላት፣ እኔ ምንም አላደረግኩም። በራሱ ነው የተቃጠለው።»

«እንዲህ ነው እንጂ! ለእኔም ቢሆን አትንገር» ብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ደብሪቱ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራዋን ቀድማ እንድትሞላ መንገድ እንደሚለቁላት ባዘዘው በዓይኑ አየ። ወሬው ከአምበር ተነሥቶ ካቦው ጆሮ እስኪገባ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት እያሰላሰለ ወደ ጋራዡ ተመለሰ።

ሐምዱ ከመጋዘን ሁለት ዲስክ አውጥቶ ጠበቀው። አንደኛው አዲስ ነው፤ የለበሰው ሸራ ወፍራም፣ ብረቱ የሚያብረቀርቅ። ሁለተኛው ከተገለበጠ መኪና የተፈታ፣ ሸራው እስከ ግማሽ ያለቀ።

«አዲሱን ግጠምልኝ» አለ ባዘዘው።

«አዲስ መሆኑን እኔም አያለሁ። መሀሉን ተመልከት።» ሐምዱ አዲሱን ዲስክ ከመኪናው ዘንግ ጫፍ ጋር አጋጠመው። «ጥርሱ አይገጥምም። ለሌላ ዓይነት መኪና የተሠራ ነው። አስገድጄ ባስገባው ዘንጉን ይበላዋል፣ ያን ጊዜ ሁለታችንንም ነው የሚወስዱን።»

አሮጌውን አንሥቶ አሸተተው። ዘይት የነካው ሸራ አይጨብጥም፤ ይህኛው ደረቅ ነበር። ከዚያ የአውራ ጣቱን ጥፍር ሸራውን በያዙት ምስማሮች ራስ ላይ አስገብቶ ጥልቀቱን ለካ።

«ጥፍሬን እስከ ግማሽ ዋጠው። ለደህና እግር አምስት ስድስት ወር ይሆናል። ላንተ እግር ግን አላውቅም።»

«እግሬ ምን ሆነ?»

«እሱን እኮ ነው የማላውቀው። ነገ አብሬህ እሄዳለሁ።»

በማግስቱ ወደ ደምበጫ ጫኑ። ሐምዱ አጠገቡ ተቀምጦ መጀመሪያ ሞተሩን አዳመጠ። ማርሽ አቀያየሩ ደህና ነው። ዳገት ላይ አነሣሡም አይከፋም። ሜዳው ላይ ከደረሱ በኋላ ዓይኑን ወደ ታች ጣለና ብዙ ጊዜ ሳያነሣው ቆየ።

«እግርህ እዚያ ምን ይሠራል?» አለ።

«የቱ?»

«ግራህ።»

«ምንም አይሠራም። አርፏል።»

«የት ነው ያረፈው?»

ባዘዘው አጎንብሶ አየ። ባዶ እግሩን ነበር የሚነዳው። የግራ እግሩ አውራ ጣትና ቀጣዩ ጣት የፍሪሲዮኑን ፔዳል ጠርዝ መሀላቸው አስገብተው ቆንጥጠው ይዘውታል፤ ፔዳሉም በትንሹ ዝቅ ብሏል። መቼ እንዳስቀመጠው አያውቅም። ሲያነሣው ቀለል ያለ ነገር የጣለ መሰለው።

«ከመኪናው በፊት ምን ነበርክ?» አለ ሐምዱ፣ ቢያውቅም።

«ሲራራ ነጋዴ። አሥራ አራት ዓመት በበቅሎ።»

«እርካብ ነው የያዝከው፣ አንተ ሰው! መኪናዋን እኮ ጋልበሃታል!»

ባዘዘው ሳቁ መጣና መሀል ላይ ቆመ። የዓባይን ቁልቁለት የወረደ ሰው እርካቡን እንዲያው አይለቅም። የእርካቡን ቀለበት በእግሩ ጣቶች ይዞ በቅሎዋ ስትፈራም ስትደናቀፍም የሚሰማው በዚያ በኩል ነው።

«ፔዳሉን ሙሉ ከረገጥከው ዲስኩ ይለቃል፣ ከተውከው ይይዛል» አለ ሐምዱ። «እንዲህ በትንሹ ከተጫንከው ግን አይለቅም አይይዝም። ይፋጫል። ከደብረ ማርቆስ ደምበጫ ድረስ ሲፋጭ ይውላል።»

«እንግዲያው ለካቦው እንንገረው።»

«ምን ብለን? ያቃጠለው የእኔ እግር ነው ስትለው ያመንክ ነው የሚመስለው። ዝም በልና እስከ ገና አድርሳት።»

ሐምዱ ከፔዳሉ አጠገብ ለግራ እግሩ ማረፊያ አንድ ጉማጅ እንጨት ቸነከረለት። እግሩ ግን መልመድ አልወደደም። ባዘዘው ሜዳ ላይ ጨዋታ ቢጤ ሲጀምር ሹልክ ብሎ ፔዳሉ ላይ ይገኛል። ባዘዘው ብቻውን ሲነዳ ከራሱ እግር ጋር ማውራት ጀመረ፤ «ና ውረድ» ይለዋል፣ «ገደል አትክተተኝ» ይለዋል። ኅዳር ሲያልቅ እግሩ እንጨቱ ላይ ማረፍ ጀመረ። በታኅሣሥ ባዘዘው ዝቅ ብሎ ማየቱን ተወው።

ገና ሊሆን ሦስት ቀን ሲቀረው ካቦው መኪናው እንዲፈታ አዘዘ። ሐምዱ ዲስኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከገጠመው ጊዜ እምብዛም አልሳሳም። ባዘዘው እፎይ ሊል ሲል የካቦውን ፊት አየ። ሰውየው ዲስኩን አገላብጦ ዝግ ብሎ ተናገረ። ባዘዘው ወደ ሐምዱ ዞረ።

«ምን አለ?»

«አሮጌው ሦስት ወር ኖሮ ምንም ካልሆነ፣ አዲሶቹን ያቃጠልካቸው አውቀህ ነው አለ። ስትፈልግ ትችላለህ ማለት ነው አለ።»

ባዘዘው ይህን ፈጽሞ አላሰበውም ነበር። ሐምዱም እንዳላሰበው ከፊቱ ያስታውቃል። ባዘዘው ግራ እግሩን ቁልቁል አየና፦

«በቅሎ ይስጠኝ በለው» አለ።

«ምን?»

«በቅሎ። ከነኮርቻዋ። እንዲሁ ንገረው።»

የጦሩ በቅሎዎች ከጋራዡ አጥር ኋላ ነበሩ። አንዷን ባገር ኮርቻ ጫኑለት። ባዘዘው ወጣባትና ግቢውን በሶምሶማ ዞረ፣ ጉድጓድ አዘለላት፣ ድንገት ገታት። ከዚያ ካቦው ፊት አቁሞ ግራ እግሩን በጣቱ አመለከተው። ሁለቱ ጣቶች የእርካቡን ቀለበት ቆንጥጠው ይዘውታል። ወርዶ ሌላ መኪና ውስጥ ገባና ያንኑ እግር እርካብ እንደያዘ አድርጎ ፔዳሉ ላይ አሳረፈው።

«አሥራ አራት ዓመት በለው። መኪና ከያዝኩ ገና ዓመት አልሞላኝም በለው። አልሸፈትኩም፤ የማላውቅ ሆኜ ነው በለው።»

ሐምዱ ተረጎመ። ካቦው አጎንብሶ በሁለቱ ጣቶች መሀል ያለውን የቆየ ጠባሳ በእስክሪብቶው ጫፍ ነካው። ወደ በቅሎዋ አየ፣ ወደ ፔዳሉ አየ። በመጨረሻ ሁለት ቃል ብቻ ተናግሮ ወደ ቢሮው ገባ።

«መልሰህ ግጠመው አለኝ» አለ ሐምዱ። ዲስኩን አንሥቶ ወደ መኪናው ሄደ።

ለገና ባዘዘው አምበር ወረደ። ወሬው ቀድሞት ደርሷል። አያ ሙላት ገና ከሩቅ ሲያዩት በሳቅ ፈረሱ።

«በቅሎ ጋልበህ አታለልከው አሉ! ከየት አመጣኸው?»

«አላታለልኩትም አያ ሙላት፣ እውነቴን ነው። እግሬ ነው።»

«እግሩ ነው!» ብለው ለተሰበሰበው ሁሉ ደገሙት፤ ሰዉ እንደገና አወካ። ጣልያኑ ባንዴ ያመነውን ነገር ከአገሩ ሰው አንድ እንኳ የሚያምነው አጣ።

ቤት ሲገባ ለደብሪቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ሳያስቀር ነገራት፤ እርካቡን፣ እንጨቱን፣ ሜዳ ላይ ከእግሩ ጋር ያወራውን። ዓይኗን ከእጇ ሥራ ሳታነሣ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«ለጣልያኑ ያልከውን ለእኔም ትደግምልኛለህ?» አለች። ሚስቱን እንኳ አላመናት ብላ ቅር ብሏት ነበር።

ባዘዘው «እውነቴን ነው» ሊላት አፉን ከፈተ። ከዚያ ፊቷን አየና ተወው።