ማጭድ ያልነካው ፊላ

ጓድ ካሳ ስለ ውሃ የሚያውቀው ነገር ቢኖር በብርጭቆ እንደሚጠጣ ብቻ ነበር። ምሥራቅ ጀርመን ስድስት ወር ሠልጥኖ ሲመለስ ግን የማያውቀው ነገር ጠፋ፤ ስለ ማሽላም ስለ ከብትም የራያ ገበሬ አስተማሪ እሱ ሆነ። ታሂር ይህን ሰው ያወቀው ቆቦ ገበያ ሚዛን እያጎደለ ጨው ሲሸጥ ነው። ያኔም ይንቀው ነበር፤ ካድሬ ሆኖ ካኪ ከለበሰ ወዲህማ ንቀቱ ባሰ።

በ1976 ግንቦት ላይ ካሳ ከሮቢት በታች ወዳለው የታሂር መንደር መጣ። አንድ ጀርመናዊ ዶክተር ታጣፊ ጀልባዎች ይዞ መጥቷል፤ ቡርቃ በተባለው ወንዝ እየቀዘፈ አውሬና ወፍ ማየት ይፈልጋል። አብልጦ የጓጓው የውሃ ውሻ ለሚባለው፣ ዓሣ እያደነ ለሚኖር ጠጉራም አውሬ ነው። ቡርቃ ከምንጭ ስለሚነሳ በጋ ከክረምት አይደፈርስም፤ ከሥሩ ያለው ጠጠር ይቆጠራል። የአውሬውን ጎሬ ከታሂር የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

«አንተ ትመራዋለህ» አለ ካሳ። «እንግዳው የፈለገውን ካየ የአህመድን ስም ከዝርዝሩ እሰርዛለሁ።»

አህመድ የታሂር አንድ ልጅ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ቆቦ አንድ መጋዘን ውስጥ ከተቆለፈበት አራተኛ ቀኑ ነበር።

«እሺ ጓድ» አለ ታሂር፤ ቃሉ አፉ ውስጥ መረረው።

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። በጉዞው ዋዜማ ካሳ ገበሬውን ማጭድ አስይዞ የጽዳት ዘመቻ አወጀ፤ ለእንግዳው ዓይን እንዲያምር የወንዙ ዳርና ዳር ፊላ በሙሉ ይታጨድ አለ።

«ጓድ፣ አውሬው እኮ የሚኖረው ፊላው ውስጥ ነው» አለ ታሂር።

«እንግዳ ጫካ ውስጥ አይቀበሉም። ደግሞ ተደብቆ ከኖረ በምን ይታያል? ይህ የአድኃሪ ወሬ ነው።»

ፊላው ታጨደ። የተረፈው የምንጩ ዐይን ላይ ያለው ብቻ ነው። እዚያ ዱዓ ይደረጋል፤ ብረት አይነካውም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በዝምታ ነው የሚያልፈው። አጫጆቹ እዚያ ሲደርሱ ማጭዳቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ተመለሱ። ካሳ አላየም፤ ዋርካ ሥር ተቀምጦ የዘመቻውን ሪፖርት ይጽፍ ነበር።

በማግስቱ ዶክተሩ በአንዱ ጀልባ ብቻውን፣ ታሂርና ካሳ በሌላው ሆነው ተነሱ። ታሂር ቀዘፋውን ወዲያው ለመደ። ካሳ ግን ቡትስ ጫማውን እንዳጠለቀ የጀልባውን ግራና ቀኝ ሙጭጭ አድርጎ ይዞ አስተርጓሚ ሆነ። ዶክተሩ ብዙ አወራ።

«ወንዙ ጥሩ ነው ይላል» አለ ካሳ።

ዶክተሩ እንደገና ወደ ተላጨው ዳርቻ እያመለከተ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ አብዝቶ አወራ።

«አሁንም ጥሩ ነው ይላል።»

ከአንድ ቁራ በቀር የታየ ነገር አልነበረም። ካሳን ላብ አጠመቀው። «የት ሄዱ?» አለ።

«ትናንት በዘመቻ አባረርናቸው» አለ ታሂር።

የቀረው የምንጩ ዐይን ነበር። ታሂር ባዕድ ሰው ወደዚያ አስገብቶ አያውቅም፤ ስለ አህመድ ግን አላህን ይቅርታ እየለመነ ጀልባውን አዞረ። «ከዚህ ወዲያ ወሬ የለም» አላቸው። ፊላው መሐል ቀስ ብለው ሲገቡ እናቲቱ የውሃ ውሻ በሁለት እጇ ዓሣ ይዛ ትበላ ነበር። ሁለት ግልገሎቿ ይሳደዳሉ፤ ሲጠልቁ እንኳ ከውሃው ጥራት የተነሳ ጅራታቸው ይታያል። ዶክተሩ ዓይኑ እንባ ሞላ። ታሂር በዚህ ወደደው።

«አየ እንግዲህ» አለ ታሂር በሹክሹክታ። «አህመድን ዛሬ ይፈቱልኛል?»

«አህመድን?» ካሳ ዞር እንኳ አላለም። «ጎህ ሲቀድ ተጭነው ሄዱ። ኮታ ጎድሎብን ነበር።»

«ቃል ሰጥተውኝ?»

«ቃል ባልሰጥህ በደስታ ትቀዝፍ ነበር? ለእናት ሀገር ነው፣ ጓድ ታሂር። ደግሞ ተመልከት፣ እንግዳው ደስ ብሎታል።»

ታሂር መቅዘፊያውን ይዞ ወደ ውሃው ወረደ፤ ውሃው ወገቡ ድረስ እንኳ አልደረሰም። ባለቤት ያጣው ጀልባ ካሳን እንደያዘ ቁልቁል መንሸራተት ጀመረ። ካሳ ሊጮህ አፉን ሲከፍት ዶክተሩ ዞሮ በቁጣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገበት። ጓድ ካሳ አፉን እንደከፈተ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ራሱ ባሳጨደው ዳርቻ መሐል የኋሊት ሄደ።

ሌላ ቀን ቢሆን ታሂር ይህን እያወራ ዓመት ሙሉ በሳቀበት ነበር። አሁን ግን ወደ ዋናው መንገድ እየሮጠ ነው። ጎህ ሲቀድ ጀልባዎቹን ሲገጣጥሙ ከዚያ መንገድ የከባድ መኪና ድምፅ ሰምቶ ነበር፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየም። ካሳ ውሸታም መሆኑን በቆቦ ምድር ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ልጁ በደጁ ሲያልፍ ግን እሱ የካሳን ቃል አምኖ፣ አጎንብሶ የጀልባ ገመድ እያጠበቀ ነበር።